የጋሽ ፍቅረማርያም የመኪና ምርመራ

ጥበበኛ ዳኛ ያለው እድር ሟቹ እንኳ ደስ ብሎት ይቀበራል። አሰላ ላይ ያለ አንድ እድር በዚህ በኩል የታደለ ነበር፤ ዳኛው ከትምህርት ቤት ዳይሬክተርነት በጡረታ የተገለሉት ጋሽ ፍቅረማርያም ናቸው። መንጃ ፈቃድ ባይኖራቸውም ሰው ያውቃሉ፤ ሰው የሚያውቅ ደግሞ መኪና ለማወቅ ኮፈን መክፈት አያስፈልገውም።

ስለዚህ እድሩ አስከሬን የሚያጓጉዝበት ያገለገለ ፒክአፕ ይገዛ ሲባል፣ ጉዳዩ በሙሉ ድምፅ ለእሳቸው ተሰጠ። ገንዘብ ያዧን ትርፌንና አንድ ሹፌር አስከትለው ወደ ኢተያ ወረዱ። ሻጩ አክመል የሚባል ወጣት ስንዴ ነጋዴ ነው። አክመል አንድ ክፉ አመል ነበረበት፤ አይዋሽም።

«ጋሼ፣ ኋላ አልነገረኝም እንዳይሉ፤ ዳገት ላይ ውሃ ታፈላለች» አለ።

ጋሽ ፍቅረማርያም ትርፌን ጠቀሷት።

«ዘይትም ትበላለች። ሦስተኛ ማርሽ ይተፋል። ሻንሲዋም አንዴ ተበይዷል።»

«ሌላስ?»

«ፍሬኗ ወላሂ አያስተማምንም።»

«ኧረ ጋሽ ፍቅረማርያም፣ ጋራዥ እናሳያት!» አለች ትርፌ።

ወደ ጎን ሳቧት። «እርጎዬ ኮምጧል የምትል ባለ እርጎ የት አይተሻል? ልጁ የገዛ መኪናውን የሚሰድባት ሊያስቀራት ፈልጎ ነው! የተሻለ ገዢ መጥቶለታል። ሳንቀደም ክፈዪ።»

ሹፌሩ ወደ ኮፈኑ እጁን ሲሰድ በዓይናቸው መለሱት። ኮፈን ማስከፈት መጠራጠር ነው፤ መጠራጠር ደግሞ ከዳኛ ክብር ጋር አይሄድም። ምርመራውን ግን አልዘለሉትም። ጎማውን በጫማቸው ጫፍ መታ መታ አደረጉ፤ በሩን ከፍተው ዘጉ፤ በመስታወቱ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። መኪናዋ አለፈች።

የመጀመሪያው ቀብር ዕለት መኪናዋ የቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ሥር ደርሳ እንፋሎቷን እየለቀቀች ቆመች። ለቀስተኛው እስክትበርድ ጠበቃት፤ አልበረደችም።

«እናቴ በእግሯ ብትመጣ ኖሮ ትቀድመን ነበር» አለች የሟች ልጅ ሰሎሜ፣ ለቅሶዋን አቋርጣ።

አስከሬኑ በሸክም ሄደ። ከቀብር መልስ ደግሞ ለቀስተኛው መኪናዋን እየገፋ ወደ ሰፈር መለሳት።

አክመል ይህን ሲሰማ በሀፍረት ከኢተያ ገሰገሰ። «ብራችሁን ልመልስ፣ መኪናዬን ስጡኝ።»

የጋሽ ፍቅረማርያም ፊት በራ። «አላልኳችሁም? ሊወስድብን መጣ! ንካት፣ ወዮልህ!»

እድርተኛውም በዳኛው አርቆ አስተዋይነት ተደንቆ ለአዲስ ራዲያተር መዋጮ ጀመረ። ያኔ ትርፌ አክመልን ተከትላ ወጣች።

«ልጄ፣ እውነትህ ሊጨርሰን ነው። እባክህ አንድ ጊዜ ብቻ ዋሽልን።»

«ኧረ እትዬ ትርፌ፣ እኔ እንዴት አድርጌ?»

«መኪናዋን አመስግናት።»

እሑድ፣ በእድሩ ስብሰባ ላይ፣ አክመል ላቡን እየጠረገ ቆመ። «ያኔ የነገርኳችሁ ሁሉ ቀልድ ነው። መኪናዋ እንከን የላትም። ሞተሯ አዲስ ነው። ፍሬኗ... ፍሬኗ ግሩም ነው። ብትለምኑኝም መልሼ አልወስዳትም።»

ጋሽ ፍቅረማርያም ከወንበራቸው ተስፈንጥረው ተነሡ። «ያዙልኝ ይህን አጭበርባሪ! ሻጭ እንዲህ ካመሰገነ የደበቀው ጉድ አለ! አሁኑኑ ብራችንን መልስና መኪናህን ይዘህ ውጣ!»

አክመል «አስተግፊሩላህ» እያለ ብሩን አስረከበ። በፌስታል ቋጥሮት ለምን እንደመጣ የጠየቀው የለም።

ጉባኤው መኪና በመመርመር ላሳዩት ንቃት ለጋሽ ፍቅረማርያም ጋቢ አለበሳቸው፤ የሚቀጥለውንም መኪና እሳቸው እንዲገዙ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ትርፌም እጇን አውጥታ ደገፈች። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሻጩ ስልክ ቁጥር አስቀድሞ እንዲሰጣት።