የሰባት ሱቅ ፊት

ፊት የግል ንብረት ነው የሚሉ ሰዎች መርካቶን አያውቋትም። ጋሼ አስናቀው ግን አሳምረው ያውቋታል፤ የሰው ፊት ላይ የሚቀባ ነገር ሲሸጡባት ሃያ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። እርሳቸው የሚመሩት የሁለተኛ ፎቅ የመዋቢያ ነጋዴዎች ማኅበር ሰባት ሱቆች፣ ሰባት አባላት፣ አንድ ክብ ማኅተምና አንድ ወፍራም የቃለ ጉባኤ መዝገብ ያለው ታላቅ ተቋም ነው። አባላቱ በአንድ ኮሪደር ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው አንድ ዓይነት ዕቃ ስለሚሸጡ እርስ በርስ ያላቸው መተሳሰብ ለብቻው የሚነገርለት ነው። አንዱ ሲሸጥ ስድስቱ ያያሉ።

ይህ ተቋም በቅርቡ ብርቱ ፈተና ገጠመው። ከኮሪደሩ ፋውንዴሽን የሚባለውን የፊት ቅባት የገዙ ሴቶች ቅባቱ ፊታቸው ላይ እየተጓጎለ፣ እዚህ ተቋጥሮ እዚያ ተሰነጣጥቆ፣ ጠርሙሱን ይዘው መመለስ ጀመሩ። ማኅበሩ ኃላፊነት እንደጎደላቸው ሻጮች ዕቃውን ለማየት አልተቻኮለም። አጥኚ ቡድን አቋቋመ። ቡድኑ ሦስት ሳምንት ሙሉ ደክሞ ባቀረበው ሪፖርት፣ ምርቶቹ አንዳችም እንከን እንደሌለባቸው፣ በአንጻሩ ግን በደንበኞች ፊት ላይ ከፍተኛ የዝግጅት ጉድለት መታየቱን አረጋገጠ። የመፍትሔ አቅጣጫም ተቀመጠ፤ በቂ ዝግጅት ያለው አንድ አርአያ ፊት ተፈልጎ ለሕዝብ ይታይ።

አርአያው ፊት ሩቅ አልነበረም። የጋሼ አስናቀው ልጅ ማርያማዊት በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጴጥሮስ የሚባል ጨዋ ልጅ ልታገባ ነበር። ሰኞ ደግሞ የማኅበሩ የሊቀ መንበር ምርጫ ነው። ጋሼ አስናቀው ልጃቸውን ይወዷታል፤ ወንበራቸውንም ይወዱታል፤ ችግሩ ሁለቱ ፍቅሮች አንድ ፊት ላይ መገናኘታቸው ነው። ልጅቱ የአባቷን ሱቅ ፋውንዴሽን ብትቀባ ስድስቱ አባላት ይቀየማሉ። የአንዱን አባል ብትቀባ አምስቱ ይቀየማሉ፣ አንዱ ይኮራል፤ የኮራ ሰው ደግሞ ለወንበር ይወዳደራል።

ስለዚህ ስብሰባ ተጠራ። መጀመሪያ ፊቱን እንደ ቦታ ለመሸንሸን ሐሳብ ቀረበ። ግንባር ለማኅበሩ ጸሐፊ ለባህረዲን፣ ቀኝ ጉንጭ ለአንጋፋዋ ነጋዴ ለእትዬ ሸዋርካብሽ እየተባለ ጥሩ ሲሄድ ቆየና አፍንጫ ላይ ተሰናከለ። አፍንጫ መሐል መንገድ ላይ ያለ ቦታ ስለሆነ ሁሉም ፈለገው። አገጭ የደረሰው አባል ደግሞ ሠርግ ላይ የሙሽራ አገጭ የሚያይ ማን አለ ብሎ አኮረፈ። ከአራት ሰዓት ክርክር በኋላ ጋሼ አስናቀው ቤቱን ያስማማ ቀመር አፈለቁ፤ የሰባቱም ሱቅ ቅባት ፊቱን በሙሉ ይሸፍን፣ አንዱ በአንዱ ላይ፣ ተራው በዕጣ። ዕጣው የመጨረሻውን ታች ያደረሳቸው እትዬ ሸዋርካብሽ የእኔን ማን ያየዋል ብለው ቢያጉረመርሙም፣ ከሙሽራዋ ቆዳ ጋር በቀጥታ የመገናኘት ዕድል ያገኙት እርሳቸው ብቻ መሆናቸው ሲብራራላቸው ፈረሙ።

ቅዳሜ ጠዋት አባላቱ ከነጠርሙሳቸው ተክለ ሃይማኖት ያለው የሙሽራዋ ቤት ተሰበሰቡ። ሜካፑን የምትሠራው ሰኪና ናት፤ ስንት ሙሽራ ያስዋበች እጇ ቀላል ልጅ። ፊቷ ይታጠብ፣ ስስ ክሬም ይቀባና ቆዳዋ እስኪጠጣው ይጠበቅ፣ ከዚያ አንድ ፋውንዴሽን ብቻ በጣም በስሱ፣ ረጥቦ በተጨመቀ ስፖንጅ መታ መታ ይደረግ አለች። ውሃነት ያለው ቅባት ዘይትነት ባለው ላይ ከተደረበ እንደሚጓጉልም አስጠነቀቀች። ባህረዲን ሐሳቧን በቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈረላት። አንድ ሐሳብ ከዚህ በላይ ክብር ሊያገኝ ስለማይችል ሥራው በዕጣው መሠረት ተጀመረ።

ሁለተኛው ላይ ቅባቱ መንሸራተት ጀመረ። ሦስተኛው ላይ ተጓጎለ። አባላቱ ይህን የመላመድ ሂደት ብለው ሰየሙትና ፓውደር እንዲነሰነስበት ወሰኑ። አምስተኛው ሲያልቅ ከማርያማዊት ጉንጭ የሚረግፈው ፍርፋሪ ቬሎዋ ላይ ይወርድ ነበር።

"አባዬ፣ ፈገግ ማለት አቃተኝ።"

"ትንሽ ታገሺ፤ ሁለት አባላት ናቸው የቀሩት።"

"የምዳረው እኮ እኔ ነኝ፤ ማኅበሩ አይደለም" አለች። እንባዋ ጉንጯ ላይ ቦይ ቀዶ ወረደ። "ጴጥሮስ እንዲህ ሆኜ ሲያየኝ ምን ይላል?"

ጋሼ አስናቀው ቀና ብለው አዩዋት። የሚያውቋት ልጅ እዚያ ውስጥ የለችም፤ ዓይኖቿ ብቻ ቀርተዋል። በዚያው ቅጽበት ሚዜዎቹ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ደርሰናል ብለው ደወሉ። ጋሼ አስናቀው የአመራር ብቃታቸው የታየው ይኼኔ ነው፤ ግቢው ውስጥ አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ። የማኅበሩ አባል ስብሰባ ተጠርቶ የቀረበት ጊዜ ስለሌለ ስድስቱም ተሽቀዳድመው ወጡ። እርሳቸው በሩ ላይ ቀሩና ወደ ሰኪና ጎንበስ አሉ።

"ልጄ፣ አድኚልኝ። ሁሉንም እጠቢው።"

"ከዚያስ የማንን ልቀባት?"

"የፈለግሽውን። ብቻ የማን እንደሆነ ለእኔም እንዳትነግሪኝ።"

ድልድዩ ላይ የተጨናነቀው ታክሲ ሚዜዎቹን ግማሽ ሰዓት ያዛቸው። ሰኪና አጠበች፣ ጠበቀች፣ በስሱ መታ መታ አደረገች። ማርያማዊት ራሷን መስላ ስትወጣ ጴጥሮስ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ጋሼ አስናቀውም ሰው እንዳያያቸው ዞረው ዓይናቸውን ጠረጉ። ወዲያው ግን ሰኞ ትዝ አላቸው። በድግሱ መሐል እየዞሩ ለስድስቱም አባላት፣ ለእያንዳንዳቸው በየጆሯቸው፣ የሌላው ሁሉ ታጥቦ ወርዶ ልጃቸውን ያሳመራት የእርሱ ቅባት ብቻ መሆኑን ነገሩ። ለማንም እንዳይናገሩም አደራ አሉ።

ሰኞ በሙሉ ድምፅ ተመረጡ። ማክሰኞ ጠዋት ስድስት ሱቆች በር ላይ የአንዲት ሙሽራ ስድስት ትልልቅ ፎቶዎች ተሰቅለው ተገኙ።

"ጋሼ አስናቀው፣ እውነቱን ይንገሩን። የማን ነበር?" አሉ እትዬ ሸዋርካብሽ፣ ስብሰባው እንደተከፈተ።

"አላውቅም።"

ጋሼ አስናቀው በሊቀ መንበርነት ዘመናቸው እንዲህ ያለ እውነት ተናግረው ስለማያውቁ ማንም አላመናቸውም። ሰኪና ተጠርታ ስትጠየቅ በስሱ ከተቀባ የሁሉም ያው ነው አለች፤ ይህም ሰባቱን ሱቅ እኩል የዘለፈ ንግግር ሆኖ ተመዘገበ። ነገሩን በሙከራ ከማጣራት ሌላ መንገድ አልነበረም። ሙሽራዋ ጫጉላ ላይ ናት፤ የአባትና የልጅ ቆዳ ደግሞ አንድ ነው። የማን ይቅደም በሚለው መስማማት ስላልተቻለ፣ ሊቀ መንበሩ ራሳቸው ባፈለቁት ቀመር፣ የሰባቱም በተራ በጋሼ አስናቀው ፊት ላይ ዋለ። እርሳቸው ለመቃወም ሲሞክሩ ናሙናው ስለሚሰነጠቅ አፋቸውን እንዳይከፍቱ በአክብሮት ተለመኑ።

ሰባተኛው ተቀብቶ ፓውደሩ ሲነሰነስበት ከንፈራቸው ከጢማቸው ጋር ደርቆ ተያያዘ። ሰኪና ፊታቸው እንዳይቆስል ፈርታ ውሃ በጆግ ይዛ ገባች፤ አሁኑኑ ይታጠቡ አለች። ሦስት አባላት ደገፏት። ሦስቱ ግን ጥናት በመሐል አይቋረጥም፣ እስኪለይለት ድረስ እንዳሉ ይቆዩ አሉ። በደንቡ መሠረት ድምፅ እኩል ሲሆን የሚወስኑት ሊቀ መንበሩ ናቸው፤ ውሳኔያቸውንም ከነምክንያቱ በቃል ያሰማሉ። ንግግር ስለሚወዱ አንቀጹን ያስገቡት እርሳቸው ነበሩ።

ቤቱ ዞሮ ጠበቃቸው። ጋሼ አስናቀው ዓይናቸውን ጆጉ ላይ ተክለው "እምምም" አሉ።

ባህረዲን በአክብሮት ጥቂት ከጠበቀ በኋላ መዝገቡን ወደ ራሱ ሳበና ጻፈ፤ ሊቀ መንበሩ ድምፀ ተዓቅቦ አድርገዋል፤ ጉዳዩ ለሚቀጥለው ወር መደበኛ ስብሰባ ተላልፏል።