ውሃ ልክ

(በረንዳ ላይ። በአራት የሳሎን ወንበሮች ላይ ትንሽ አዲስ የእንጨት ጀልባ ተቀምጧል። ሰፈሩ «ኢንጂነር» የሚለው ሰዓት ጠጋኝ እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ ይጮሃል። አማቹ፣ የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ ጆግ ሙሉ ውሃ ይዞ ቆሟል።)

ኢንጂነር፦ ውሃ ልክ አምጣ አልኩህ እንጂ ውሃ አምጣ አልኩህ?

አማች፦ ልኩን ነው እኮ ያመጣሁት ጋሼ። እየው፣ መስመሩ ላይ ነው። ሁለት ሊትር፤ ጠብታ አላለፈም።

ኢንጂነር፦ ውሃ ልክ ዕቃ ነው! መሃሉ አረፋ ያለው፣ ነገር መጣመሙን የሚናገር ረጅም ቢጫ ዕቃ!

አማች፦ እ... እሱማ እህቴ መጋረጃ ሰቅላበታለች። መጋረጃው ግን አሁንም ጠማማ ነው።

ኢንጂነር፦ ጉድ እኮ ነው! ነገ ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ሐይቁ ዳር ይወጣል፣ እሷ መጋረጃ ትሰቅላለች! አባትህ በሰርጌ ቀን፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን ነበር ያሉኝ?

አማች፦ «ልጄን የወሰዳት አንድ ሚስማር ቀጥ አድርጎ የማይመታ ሰው ነው።»

ኢንጂነር፦ አስራ ሁለት ዓመት ዋጥኳት! ነገ እዚህች ላይ አስቀምጬ፣ እየቀዘፍኩ ወዲያ ማዶ አደርሳቸዋለሁ።

አማች፦ አባባ እኮ ዋና አይችልም።

ኢንጂነር፦ ጀልባ የተሠራው ዋና ለማይችል ነው!

አማች፦ አንተስ ትችላለህ?

ኢንጂነር፦ በንድፈ ሐሳብ።

አማች፦ እሱ ጥልቅ ነው?

ኢንጂነር፦ ወይ ፈጣሪ! ያንተ ወሬ እኮ ውሃ አይቋጥርም!

አማች፦ ጀልባውስ?

ኢንጂነር፦ ምን ጀልባውስ?

አማች፦ ይቋጥራል?

ኢንጂነር፦ ጀልባ ነው ባልዲ? ውሃው ውጭ፣ ሰው ውስጥ! አንተን ማን ነው የቧንቧ ሠራተኛ ያደረገህ?

አማች፦ እኛ ሙያ ላይ፣ ውሃ በወጣበት ቀዳዳ ተመልሶ ይገባል። (ጆጉን ጀልባው ውስጥ ይገለብጠዋል)

ኢንጂነር፦ ኧረ! ኧረ ቫርኒሼን! ሦስት ቀን ሙሉ ያደረቅኩትን!

(ከጀልባው ሥር ጠብ... ጠብ... ከዚያ ሽርርር።)

አማች፦ ይኸው ወጣ።

ኢንጂነር፦ እሱ... መተንፈሻው ነው። እንጨት ይተነፍሳል።

አማች፦ አባባስ በምን ይተነፍሳል?

ኢንጂነር፦ ምን ያስገለፍጥሃል?

አማች፦ ውሃ አሳስቆ አሳስቆ ነው የሚወስደው ሲሉ ሰምቼ፣ ከአሁኑ ልለማመድ ብዬ ነው።

ኢንጂነር፦ ትንሽዬ ጠብታ እኮ ናት!

አማች፦ (ጀልባው ውስጥ እያየ) ሁለት ሊትር ነው ጋሼ። ጠብታ አልቀረም።

(ኢንጂነር ተንበርክኮ የእርሳሱን ጫፍ ከሥር በስንጥቁ ይሰዳል። እርሳሱ ይገባል፣ ይገባል...)

አማች፦ ደረሰ! ጋሼ፣ ወዲያ ማዶ ደረሰ!

(ኢንጂነር እርጥቡ ወለል ላይ ቁጭ ይላል።)

ኢንጂነር፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) አባትህ እንዳይሰሙ።

አማች፦ ከኔ አይሰማም።

ኢንጂነር፦ ኮላ አምጣ። እናንተ ቧንቧ የምትደፍኑበትንም ነገር አምጣ። ውሃ ልኩንም።

አማች፦ (ወደ መስኮቱ እያየ) መጋረጃውን ላውርደው?

ኢንጂነር፦ እሱን ተወው። ያንተን፤ ሁለት ሊትሩን።