ፋብሪካው ያበዛው ብሎን

ሰው ተደራርቦ በሚኖርበት ሕንፃ ሁሉ፣ ምንም ሳይማር ሁሉን የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ይህን ሰው ማንም አይሾመውም፤ ራሱን ይሾማል። ዕቃ ሲበላሽ ከባለቤቱ ቀድሞ ይሰማል፣ ካቻቢቴውን ይዞ ደጃፍ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ለዕቃው የሚቀርለት ጸሎት ብቻ ነው።

ጡረተኛው የፍልስፍና መምህር በሚኖርበት ሕንፃ፣ ማዕረጉን የያዙት ከታችኛው ፎቅ የሚኖሩት ጎረቤት ናቸው። ዕድሜያቸውን የፈጁት አውቶቡስ ውስጥ ቆመው ትኬት ሲቆርጡ ነው። የሕንፃው ሰው ለሽሙጥ «ኢንጂነር» ቢላቸው፣ እሳቸው እንደ ዲግሪ ተቀበሉት። አሁን በስማቸው ቢጠሯቸው ዞር ብለውም አያዩ።

የክቡርነታቸው የሥራ ፍሬ በየቤቱ ይታያል። የባልቴቲቱ ካውያ እሳቸው ካዩት ወዲህ የሚግለው በእጀታው በኩል ነው። የደረጃው መብራት ፀሐይ ስትወጣ ይበራል፣ ሲመሽ ይጠፋል። የልብስ ሰፊዋ ማቀዝቀዣ ደግሞ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ያስነጥሳል። ከየጥገናው በኋላ ታዲያ አንድ ብሎን ይተርፋል። ባለቤቱ «ይኼስ የምኑ ነው?» ሲል፣ ኢንጂነሩ ብሎኑን ኪሳቸው እየከተቱ «ተወው፣ ፋብሪካው ያበዛው ነው» ይላሉ። መምህሩ ይህን ባሰበ ቁጥር፣ የዓለም ፋብሪካዎች ተማክረው ለእኚህ ሰው ኪስ ሲሉ ብሎን የሚያመርቱ ይመስለዋል።

የመምህሩ ሸክላ ማጫወቻ መዞር ያቆመው እንግዲህ እንዲህ ባለ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ያውም በማይሆን ሰዓት። እሑድ ታላቅ እህቱ ልትሰናበተው ትመጣለች። ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል፤ ልጇ ወደ ሩቅ ከተማ ይዟት ሊሄድ ነው። በዚህ ዕድሜ የሄደ ተመልሶ እንደማይመጣ ወንድምና እህት ያውቃሉ። እሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጆች ሳሉ አባታቸው ያሰማቸው የነበረውን ሸክላ፣ በዚያው በአባታቸው ማጫወቻ መስማት። ልጇ ዘፈኑን በስልኩ ቢያሰማት «ይኼ መቼ ይንኮሻኮሻል?» ብላ መልሳለታለች።

መምህሩ የማጫወቻውን መቆም ለማንም አልተናገረም። ሆኖም ዓርብ ጠዋት በሩ ተንኳኳ።

«መምህር፣ ዝም አለ አሉ» አሉ ኢንጂነሩ፣ ካቻቢቴያቸውን እያሻሹ። ማን እንዳለ እሳቸው ያውቃሉ።

ጆሯቸውን ሣጥኑ ላይ ለጥፈው አዳመጡ። ሞተሩ ያጉረመርማል፤ ሸክላው የሚቀመጥበት ሰሐን ግን ንቅንቅ አይልም። ዕድሜውን ሥነ አመክንዮ ሲያስተምር የኖረው መምህር፣ ችግሩ በሁለቱ መካከል ካለ ነገር ነው ሊል አፉን ከፈተ። «ሞተሩ ነው» አሉ ኢንጂነሩ፤ አፉን ዘጋ።

ሣጥኑን ገልብጠው ከሥር ይፈቱት ጀመር። መምህሩ ሰሐኑን ከላይ ማንሳት አይቀልም ወይ ቢላቸው በሐዘኔታ አዩት። «በምን ይፈታል? ብሎን እኮ የለውም» አሉ። በእሳቸው እምነት ብሎን የሌለው ነገር ችግር የለበትም፤ ከመምህሩ የሥራ ባልደረቦች መካከል ከዚህ ባነሰ ሐሳብ መጽሐፍ የጻፉ ስላሉ፣ መምህሩ አልተከራከረም። ዓርብ ሞተሩ የነበረው በሽታ ቅዳሜ ጠዋት ኮረንቲው ሆነ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሕንፃው ዘንበል ማለት። ከጠረጴዛው አንድ እግር ሥር ካርቶን አጣጥፈው ወተፉ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ፣ አሮጌ አውቶቡስ አቀበት ላይ እንዴት እንደሚለመን እየተረኩ ነበር፤ ምላሳቸው እንደ ሞተሩ ነው፣ ምንም ሳያንቀሳቅስ ያጉረመርማል።

በመጨረሻ የመምህሩ ትዕግሥት አለቀ። «ይበቃል። ነገ እህቴ ስትመጣ እዚህ እንዳላይዎት» አላቸው። ኢንጂነሩ የተረፈውን ብሎን ኪሳቸው ከተው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ፋብሪካው ምንም ሳይሉ ወጡ።

እሑድ የመምህሩን እህት ልጇ ደግፎ አስገብቶ፣ ተመልሶ እንደሚወስዳት ነግሯት ሄደ። እሷ ወንበሯ ላይ ተደላድላ፣ የሣጥኑን ክዳን እንደ ልጅ ራስ ዳበሰችው። «አስጀምረው እንጂ አንተ ልጅ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አለች። መምህሩ ሸክላውን ከሽፋኑ አውጥቶ በእጁ ያዘ። ያን ሁሉ ዘመን ሲያስተምር፣ ለእንዲህ ያለው ሰዓት የሚሆን አንዲት ዓረፍተ ነገር አላጠራቀመም።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ኢንጂነሩ ያለ ካቻቢቴ፣ ጫማቸውን ደጃፍ ላይ አውልቀው፣ በእግር ጣታቸው ገቡ። ሸክላውን ተቀብለው አስቀመጡ፣ መርፌውን አሳረፉ፤ ከዚያ ሌባ ጣታቸውን ሰሐኑ ጠርዝ ላይ አድርገው ያዞሩት ጀመር። ዘፋኙ መጀመሪያ ገደል እንደገባ በሬ አቃሰተ። ቀስ በቀስ ግን ድምፁ ተቃና። ትንሽ ቢያወሩ ጣታቸው ይደናቀፋል፣ ስለዚህ አላወሩም። ላባቸው አፍንጫቸው ላይ ሲንጠባጠብ እንኳ አልጠረጉትም። መምህሩ ካወቃቸው ጀምሮ ዝም ሲሉ አይቶ አያውቅም፤ ሙሉ ሸክላ፣ ሁለቱንም ገጽ፣ ዝም አሉ።

እህቱ ዓይኗን ጨፍና ስታዳምጥ ቆየች። «እሱም እንደኛ አርጅቷል» አለች ስታበቃ፣ «ቀስ ብሎ ነው የሚዘፍነው። እንዲህ ይሻላል፤ ቶሎ አያልቅም።»

ኢንጂነሩ ሲወጡ መምህሩ እስከ በር ሸኛቸው። ጣታቸው ውኃ ቋጥሯል። «እንዳልኩህ ሞተሩ ነው» ብለውት ወረዱ።

እህቱ ከሄደች በኋላ ባለው ሳምንት፣ መምህሩ አቧራ ሲጠርግ ሰሐኑን ሳብ ቢያደርገው እንደ ድስት ክዳን በእጁ ላይ ቀረ። ከሥሩ፣ ሞተሩን ከሰሐኑ ጋር የሚያያይዘው የላስቲክ ቀለበት ከቦታው ወልቆ ተጋድሟል። በጣቱ መለሰው፤ ማጫወቻው ዞረ። የአባቱን ሸክላ ብቻውን ሰማው። ድምፁ ምንም አይወጣለትም፤ ቶሎ ግን አለቀ።

ያኔ ደረጃው ላይ የኢንጂነሩን የነጠላ ጫማ ኮቴ ሰማ። መምህሩ ሰሐኑን አነሳ፣ ላስቲኩን አውልቆ እዚያው ተወው፣ ሰሐኑን መልሶ በሩን ከፈተ።

«አሁንም እምቢ ብሏል» አለ።

የኢንጂነሩ ፊት በራ፤ ካቻቢቴውም ወጣ። ሣጥኑን ገልብጠው፣ ፈትተው፣ ስለ አቀበቱ አውቶቡስ ከመጀመሪያው ጀምረው ተርከው መልሰው ሲገጥሙ፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ብሎን ቀረ። ሁለቱም አዩት። ኢንጂነሩ አፋቸውን ሳይከፍቱ መምህሩ አንስቶ ኪሳቸው ከተተላቸው።

«ፋብሪካው ያበዛው ነው» አለ።