ባንኩን ያሸነፈው የእህቴ ባል

በየቤተሰቡ «ባንክን አሸንፌያለሁ» ብሎ የሚያምን አንድ ሰው አይጠፋም። ባንኩም ይህን ሰው ያውቀዋል፤ እንዲያውም ከደንበኞቹ ሁሉ አብልጦ የሚወደው እሱን ሳይሆን አይቀርም። በእኛ ቤት ይህ ሰው የእህቴ የግሬታ ባል፣ ክቡር ሊቀ ነጥባት ሚልተን ክራውዘር ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው አንድ ብቻ ነው። የመንገደኛ ክሬዲት ካርድ አለው፤ የሚያብረቀርቅ፣ ከብረት የተሠራ፣ በከፈለበት ቁጥር በአውሮፕላን ትኬት የሚመነዘር ነጥብ የሚያጠራቅምለት። ለዚህ ካርድ በየዓመቱ አሮጌ መኪና የሚገዛ ገንዘብ ይከፍላል፣ ከዚያም የከፈለውን በጥቅማ ጥቅም ለማስመለስ ሲሮጥ ዓመቱ ያልቃል።

«ነጻ እኮ ነው» ይላል ሁልጊዜ። ይህን ቃል ከአፉ ስንሰማ ሁላችንም ኪሳችንን እንዳብሳለን።

ለምሳሌ ባንኩ በየወሩ ትንሽ የታክሲ ገንዘብ ይሰጠዋል፤ ወሩ ካለቀ ግን ይቃጠላል። ሚልተን ደግሞ ከእጁ የሚቃጠል ነገር አይወድም። ስለዚህ በወሩ መጨረሻ የራሱ መኪና ግቢ ውስጥ ቆሞ እያለ ታክሲ ይጠራል። ሹፌሩ የት ልውሰድዎት አባቴ ሲለው «የትም ውሰደኝ፣ ዋናው መሄዱ ነው» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ የሆነ ቦታ ይወርድና በእግሩ እያለከለከ ቤቱ ይገባል። ፊላደልፊያ ውስጥ የማያውቀው መንገድ የለም፤ ሁሉንም በእግሩ ተመልሶበታል።

ካርዱ ከአንድ የሀብታሞች ሱቅም ዕቃ ያስወስደዋል። በዚያ ሱቅ በተፈቀደለት ዶላር የሚገኘው ነገር የውሻ አንገት ማሰሪያ ብቻ ነው፤ ሐር፣ ዘለበቱ ወርቅ ቅብ። ቁም ሳጥኑ በእሱ ሞልቷል። ውሻ ግን የላቸውም። ግሬታ እንግዲያው አንድ ውሻ እናምጣ ስትለው በትዕግሥት አስረዳት፦ ውሻ ካርዱ አይሸፍንም።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? አጎቱ ኤመሪ ሲያርፍ ዘመድ ሁሉ ለቀብሩ ገንዘብ አዋጣ። ሚልተን ጥሬ ገንዘቡን ከሰው ሰበሰበና ሬሳ ሳጥኑንም አበባውንም በካርዱ ከፈለ። የተጠራቀመው ነጥብ እሱንና ግሬታን ፖርቱጋል አድርሶ መለሳቸው። እስከ ዛሬ በየግብዣው «አጎቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሊዝበን ወሰደን» እያለ ፎቶ ያሳያል።

በዚህ ሁሉ ቤተሰቡ ስቆ አይጠግብም። እኔ ግን ቀስ ብዬ ነው የምስቀው፤ ምክንያቴ አውሮፕላን መፍራቴ ነው። ልጄ የሚኖረው ዴንቨር ነው፣ በመኪና እንዳልሄድ ጉልበቱ የለኝም። ስለዚህ በሄድኩ ቁጥር ሚልተን አብሮኝ ይበራል፤ በነጥብ ነው እንግዲህ። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ባለ ካርዶች ብቻ ገብተው የሚበሉበትና የሚያርፉበት ላውንጅ የሚሉት አዳራሽ አለ፤ እኔን በእንግድነት በነጻ ያስገባኛል። አውሮፕላኖቹን እንዳላይ ጀርባዬን ለመስኮቱ አሰጥቶ ያስቀምጠኛል፣ ሳህኔን ይሞላል፣ ከዚያም ስለ ነጥብ ማስረዳት ይጀምራል። ያስረዳል፣ ያስረዳል፣ በመጨረሻ ፍርሃቴ ራሱ ሰልችቶት ትቶኝ ይሄዳል።

በመጋቢት ከባንኩ ማስታወቂያ መጣ። ዓመታዊው ክፍያ ጨምሯል፣ እንግዳ ማስገባትም ከእንግዲህ በነጻ አይደለም። በዚያው ሰሞን ልጄ ሴት ልጅ ወለደ፤ የመጀመሪያ የልጅ ልጄ ናትና ሄጄ ላያት ግድ ነው። እኔ ከነፍርሃቴ ውጭ ልቀመጥ ነው ማለት ነው። «አንቺን ውጭ ትቼ የላውንጁን የወይራ ፍሬ ልበላ ነው?» ብሎ ሚልተን ተቆጣኝ፣ ባንኩ እኔ የሆንኩ ይመስል።

እንዲህ ያሉ ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው። ክፍያው ሲደርስ ባንኩ ዘንድ ይደውሉና «ልተዋችሁ ነው» ይላሉ። አይተዉም። ሽማግሌ እንደተላከበት የልጅት አባት ናቸው፤ ቢያንስ አንዴ ሳይለመኑ እሺ አይሉም። ባንኩም እባክዎ ይቆዩ ብሎ ይለምናል፣ ነጥብ ይጨምራል፣ ሚልተንም እየተነፈሰ ይታረቃል። ዘንድሮም ትኬታችን ተቆርጦ አልቆ፣ ልንሄድ አንድ ቀን ሲቀረን፣ ማድ ቤት ሰብስቦን ሁላችንም እንድንሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ደወለ። እንግዳዬን መልሱልኝ ሊል ነው። እንዳንተነፍስ በጣቱ አስጠነቀቀን።

«ልጄ» አለ በሐዘን ድምፅ፣ «ከእናንተ ጋር ብዙ ዘመን ኖርን። አሁን ግን መለያያችን የደረሰ ይመስለኛል።»

ከዚያ ዝም አለ። ዝምታው የጥበቡ ዋና ክፍል ነው።

«እሺ አቶ ክራውዘር» አለች ስልኩን ያነሳችው የባንኩ ሠራተኛ። ስትጽፍ ተሰማን። «ዘግቼልዎታለሁ። ሌላ ልረዳዎት የምችለው ነገር ይኖራል?»

ሚልተን ኩም አለ። «የለም፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ስልኩን አስቀመጠ። ግሬታ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወደ ጓሮ ወጣች። እኔ አልሳቅሁም። በቃ እቀራለሁ፣ የልጅ ልጄ አድጋ ራሷ ትመጣለች አልኩት። እሱ የሞተውን ካርድ እያገላበጠ ያየው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ከረባት አስሮ፣ ትልቅ ቦርሳ ተሸክሞ ደጄ ላይ ቆመ። እሺም እንቢም ሳልል ሻንጣዬን ወሰደው። አውሮፕላን ማረፊያው ፍተሻ ላይ ፈታሹ ከቦርሳው ሐምራዊ ነገር የሞላበት ሳህን አወጣና ምንድነው አለ። በቀይ ሥር የተዘፈዘፈ የተቀቀለ እንቁላል ነው አለው ሚልተን። ፈታሹ እኔን በርኅራኄ አይቶኝ አሳለፈን። በላውንጁ በር ስናልፍ የፈታት ሚስቱ ቤት አጠገብ እንደሚያልፍ ሰው አንገቱን አላዞረም።

መሳፈሪያው ጋ ስንደርስ ዞር ብዬ እንድቆም አዘዘኝ። ዞሬ ሳይ ጥግ ላይ ባሉት ወንበሮች የግሬታን ነጭ የጠረጴዛ ልብስ አንጥፏል። አይብ ቆርጧል፣ ፕሬትዝል የሚሉትን ጨው የተነሰነሰበት ብስኩት ደርድሯል፣ እንቁላሉ መሃል ላይ ነግሷል። ሁለቱን ሻንጣዎች እንደ በር አቁሞ በመካከላቸው ተገትሯል። አንድ ጎልማሳ ሊቀመጥ ሲመጣ «ይቅርታ ወንድሜ፣ ለአባላት ብቻ ነው» አለው። ሰውየው እንቁላሉን አየና ሳይከራከር ሄደ።

ሰው ሁሉ ያየናል። እኔ ደግሞ ይህን ቂል ሰው ምን ያህል እንደምወደው ያን ጊዜ ገባኝ።

«ሚልተን» አልኩት፣ «እዚህስ ለእንግዳ ስንት ነው የሚከፈለው?»

«እንግዳው እኔ ነኝ» አለኝ። «አባሏ አንቺ ነሽ። ታስገቢኛለሽ?»

አስገባሁት።