የኦርሊን የእግር ማብሪያ

ደህና ዕቃ ሲያይ እጁን የሚበላው ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። የለም ብሎ የሚከራከር ካለ፣ ያ ሰው ራሱ ነው። ይህ ሰው የተበላሸ ነገር አይማርከውም፤ የተበላሸውንማ ማንም ይጠግነዋል። የእሱ ጠላት የሚሠራ ነገር ነው። ዘመኑን ሁሉ አንዳች ሳያስቸግር ያገለገለ ማቀዝቀዣ ሲያይ ዝም ብሎ ያልፋል ብላችሁ እንዳትጠብቁ። ቆም ይላል፣ ጆሮውን ያስጠጋል፣ እንደ ሐኪም ፊቱን ያጨማድዳል፣ ከዚያ ፍርዱን ይሰጣል፦ «መጥፎ አይደለም። ትንሽ ነገር ብቻ ነው የጎደለው።»

በሰሜን ሚኒሶታ፣ በእኛ ሐይቅ ዳር፣ የዚህ ማዕረግ ባለቤት ክቡር መሐንዲስ ኦርሊን ናቸው። መሐንዲስ ብሎ የሾማቸው ትምህርት ቤት የለም፤ ጡረታ እስኪወጡ የተማሪ አውቶቡስ ነው የነዱት። ማዕረጉ ደስ ስለሚላቸው ነው እንጂ ፊት ለፊት ስንገናኝ እኛም አንተ ነው የምንለው።

ከማንም በላይ የኦርሊንን ጥበብ የቀመሰው የቅርብ ጎረቤቱ ሰልመር ነው። ኦርሊን ያሻሻለለት የዳቦ መጥበሻ ዳቦውን ኮርኒስ ድረስ ያስፈነጥር ነበር። የሰልመር ሚስት ላቮን የልብስ ማጠቢያዋ ከተሻሻለላት በኋላ አንድ ቀን ዘወር ስትል፣ ማሽኑ እየተንቀጠቀጠ ከግድግዳው ተነስቶ በሩን ዘግቶ ቆሞ አገኘችው። እሷ ከውስጥ ቀረች። ኦርሊን በመስኮት በኩል መጥቶ መመሪያ ሲሰጣት የመለሰችለትን ቃል እዚህ መጻፍ አይቻልም።

የበረዶ ጎጆዋ ነገር ግን ከሁሉ ይብሳል። በክረምት ሐይቁ በረዶ ሲጋግር ከላዩ ጎትተን የምናቆማት የእንጨት ጎጆ አለችን፤ ወለሏ ቀዳዳ አለው፣ በረዶውን በስተን እዚያው ተቀምጠን እናጠምዳለን። ኦርሊን የሰልመር እግር ስለበረደው አዘነ። አዝኖም አልቀረ፣ ከወለሉ ሥር የሙቅ ውሃ ቱቦ ዘረጋለት። እግሩስ ሞቀ። በረዶ ላይ የቆመ ጎጆ ከሥሩ ሲያሞቁት ምን እንደሚሆን ግን ሁለቱ ሽበታሞች አላሰቡትም። ማታ ጥለዋት ሄዱ፣ ጠዋት ሲመጡ እስከ መስኮቷ ሰምጣ፣ ውሃው መልሶ ጋግሮ ወትፎ ይዟታል። አገር ምድሩ መጥረቢያ ይዞ ወጣ። ኦርሊን ቆሞ ሲያየን ቆየና፣ «ቱቦው እንከን አይወጣለትም» አለ። «በረዶው ነው ስስ የነበረው።»

እንዲህ ነው እሱ። በዕድሜው አንድ ቀን ተሳሳትኩ ብሎ አያውቅም። የቤተ ክርስቲያኑ ኦርጋን በእጁ ካለፈ በኋላ እንደ ላም ሲጮህ ጥፋቱ የመዘምራኑ ነበር። ዳቦው ኮርኒስ ሲመታም ኮርኒሱ ዝቅ ብሎ ነው የተሠራው። ሰልመር እነዚህን ታሪኮች የማጥመጃ ትል በሚሸጠው በዱዌን ሱቅ እያወራ ሰውን በሳቅ ሲያፈርስ ኖሯል። ኦርሊንም እዚያው ቆሞ ይሰማል፣ መሐል ላይ ገባ እያለም ቴክኒካል እርማት ይሰጣል።

ባለፈው ዓመት መከር ላይ ሰልመርን ስትሮክ መታው። ነፍሱ ተረፈች፣ ቀኝ እጁ ግን ከጎኑ ተንጠልጥሎ ቀረ። ላቮን ከሐኪም ቤት ይዛው ስትመለስ መኪናውን እሷ ነዳች፣ ከዚያ ወዲያም ቁልፉን አልመለሰችለትም። ሰልመር አልተከራከረም። አንድ ነገር ግን ከእሷም ከሐኪሙም ደብቆ ነበር፤ ቀኝ እግሩም ከቁርጭምጭሚቱ በታች ደንዝዟል። ይራመድበታል፣ ደረጃም ይወጣበታል፣ ግን ምን እንደረገጠ ዝቅ ብሎ በዓይኑ ካላየ አያውቅም። ይህ ከታወቀ የሚያጠምድባት ጀልባ እንደምትሸጥ ያውቃል። እሱ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ከዚያ ውሃ ላይ ካልዋለ የሰው ወግ የሌለው ሰው ነው። ቤት ተቀምጦ መስኮቱን ሲያይ መዋል ለእሱ ከሞት አይሻልም።

ጀልባዋ ፊቷ ላይ የምትታሰር ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር አለቻት። ድምፅ የላትም፤ አሳውን ሳታስደነግጥ ቀስ እያለች ታስጠጋሃለች። ችግሩ በእጅ ነው የምትታዘዘው። ነፋስ ሲገፋህ ታበራለህ፣ ቦታህ ስትደርስ ታጠፋለህ፣ ያውም ደጋግመህ፤ ሌላው እጅህ የማጥመጃውን ዘንግ ይዟል። ሁለት እጅ ላለው ሰው የተሠራች ናት።

«ሞተሩን ትይዛለህ ወይስ ዘንጉን?» አለችው ላቮን በጸደይ፣ በረዶው እንደቀለጠ። «ንገረኝ እስቲ። በጥርስህ ነው የምታጠምደው?»

«መላ አይጠፋም።»

«መላው ጀልባዋን መሸጥ ነው። ሰልመርዬ፣ ከሐይቅ ላይ ሬሳ ጎትቼ አላወጣም እኔ።»

ይህን ኦርሊን ከአጥሩ ማዶ ሰማ። ሳይጠሩት መጣና ሞተሯን ዞሮ ዞሮ አያት።

«መጥፎ አይደለችም» አለ።

«አትንካት» አለው ሰልመር።

«ትንሽ ነገር ብቻ ነው የጎደላት። እግር አለህ አይደል?»

ሰልመር ደነገጠ። «አለኝ» አለ፣ ድምፁን እያጠራ። «ምን ሆኖብኝ?»

«በቃ፣ በእግርህ ታበራታለህ። ስትረግጥ ትሄዳለች፣ እግርህን ስታነሳ ትቆማለች። እጅህ ዘንጉን ይይዛል። ይህን ያላሰቡት የፋብሪካ ሰዎች ናቸው እንግዲህ የሚኮሩብን።»

የመጀመሪያው ፔዳል በረገጡት ቅጽበት ጨሰ። ላቮን ሽታው ወጥ ቤት ድረስ ሲመጣባት ወጣች፣ ፔዳሉንም አወቀችው።

«የስፌት መኪናዬ ፔዳል አይደለም ይሄ? አንተ ነህ የወሰድከው?»

«ተውሼ ነው፣ ላቮን።»

«ለማን ነግረህ?»

«ልነግርሽ ስል ጨሰ።»

ለነገሩ ኦርሊን ሲነካካም ቢሆን ይማራል። ሞተሯ የምትስበው ኃይል ለዚያች የስፌት ፔዳል ከአቅሟ በላይ ነበር። ስለዚህ ከአሮጌ አውቶቡስ ላይ ሪሌ የሚሉትን የኤሌክትሪክ አቀባባይ ፈትቶ አመጣ። «ልክ እንደ መሥሪያ ቤት ነው» እያለ ለሰልመር አስረዳው፤ «እግርህ አለቃ ነው፣ ትንሽ ትእዛዝ ብቻ ይሰጣል። ሪሌው ሠራተኛው ነው፣ ከባዱን ኃይል እሱ ይሸከማል።» ማብሪያውን ከጀልባዋ ወለል ላይ በስተቀኝ አሰረው። ግራ ይሁን ቀኝ ብሎ አላሰበም፤ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ የነዳ ሰው ፔዳል ሲባል የሚመጣለት ቀኝ እግር ነው። ሰልመርም ግራ ይሻለኛል ማለት አልቻለም። ለምን ቢባል ምን ይላል?

ውሉ ይህ ነበር፦ ቅዳሜ ዕለት ሰልመር በእግሩ ነድቶ፣ በእጁ አጥምዶ፣ በሰላም ከተመለሰ ጀልባዋ ትቀራለች። ካልሆነ ላቮን የሚሸጥ የሚለውን ጽሑፍ ጽፋ ጨርሳለች፤ መለጠፍ ብቻ ነው የቀራት። ጀልባ ከሚታሰርበት የእንጨት ድልድይ ላይ እጆቿን አጣምራ ቆመች። የኦርሊን ሥራ ሲሞከር መቅረት ስለማይሆንልን እኛም ተሰበሰብን።

አወጣጡ ግሩም ነበር። ሰልመር ከፊት ተቀምጦ ዝቅ ብሎ እያየ ይረግጣል፣ እያየ ያነሳል፤ ከሩቅ ላየው አሳ የሚፈልግ ነው የሚመስለው። ኦርሊን ከኋላ ተቀምጧል። ሰልመር መንጠቆውን ወረወረ፣ አንድ ደህና አሳም አወጣ። ሲመለሱ ግን ደስታው በዛና ሰልመር ቀና ብሎ አሳውን ለላቮን እያሳየ መጣ።

«አጥፋው» አለ ኦርሊን።

«አጥፍቼዋለሁ።»

«እየሄድን ነው እኮ። እግርህን አንሳ።»

«አልነካሁትም አልኩህ! የአንተ ዕቃ ነው የማይሰማው!»

ጀልባዋ ቀጥ ብላ መጥታ ድልድዩን ገጨችው። ዳር ላይ የነበረው የላቮን የአበባ ማሰሮ ውሃ ውስጥ ገባ፣ አሳውም ተከተለው። ያኔ ሰልመር ዝቅ ብሎ አየ። ጫማው ማብሪያው ላይ ነው፣ እስከ መጨረሻው ረግጦታል። እያየውም አልተሰማውም።

ላቮን ወደ ጀልባዋ ጎንበስ አለች። «ሰልመር፣ እግርህ ምን ሆኗል?»

ኦርሊን የሰልመርን ጫማ አየ። ከዚያ ፊቱን አየ። ተነስቶ ሄደና የባትሪውን ሽቦ ነቀለ፤ ሲጎነበስም በጉልበቱ የሰልመርን እግር ከማብሪያው ላይ ገፋ አደረገው።

«ሪሌው ነው» አለ። «ያረጀ ሪሌ ነው የገጠምኩለት፣ ተጣበቀ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ይህን ቃል ከዚያ አፍ ሲወጣ ሰምቶ የሚያውቅ ድልድዩ ላይ አልነበረም። ቀጥሎ ሳቁ መጣ፤ እንዲያ ስቀንበት አናውቅም። ኦርሊን ቀና ብሎ እንኳ አላየንም፣ ሽቦውን ይጠቀልላል። ሰልመር ብቻ አልሳቀም። ይህ ሰው ለዘመናት የጠበቀውን ክብር ለእሱ እግር ሲል በሰው ፊት ሲጥለው ቁጭ ብሎ አየ።

ላቮን ሁለቱንም አየት አየት አደረገቻቸው። «ማሽን ከሆነ ይጠገናል» አለች በመጨረሻ። «እስኪጠገን ግን ብቻውን አይወጣም።»

በማግስቱ ሰልመር ወደ ሐይቁ ሲወርድ ማብሪያው በስተግራ ተዛውሯል። ኦርሊን የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለብሶ ከኋላ ተቀምጧል፤ አሳ የማይበላ፣ ውሃው ትንሽ ሲናወጥ የሚያጥወለውለው ሰው።

«ባትሪው በቀኝ ስለሆነ ክብደቱ ያጋድል ነበር» ብሎ ጀመረ። «ስለዚህ ማብሪያውን ወደ ግራ…»

«ኦርሊን።»

«እ?»

«እግሬን አይተኸዋል።»

«እኔ ያየሁት ሪሌ ነው» አለ ኦርሊን። «እና እንዳልኩህ፣ ክብደቱ…»

ሰልመር ሳያቋርጠው እስከ መጨረሻው ሰማው። በግራ እግሩ ረገጠ፣ ጀልባዋም ሄደች። ይህን ልብ አውልቅ ሰው ምን ያህል እንደሚወደው ያን ጠዋት ገባው፣ ስለገባውም ተናደደ።

በጋውን በሙሉ ኦርሊን ሪሌውን ለመከታተል እያለ አብሮት ወጣ። ያወራል፣ አሳ ያባርራል፣ ሲያጥወለውለው ዝም ይላል፣ ሲሻለው ካቆመበት ይቀጥላል። ላቮን ሪሌው ተሠራ ወይ ብላ ጠይቃ አታውቅም፤ ሳንድዊቹን ግን ለሁለት ሰው ነው የምትጠቀልለው። በዱዌን ሱቅ የምንስቅበት ሪሌው ሆነ። ኦርሊን እርማት መስጠቱን ትቶ ያቀረቅራል።

መከር ሲገባ አንድ ቀን ሁለቱም ትል ሊገዙ መጡ። ዱዌን ከመደርደሪያው ሥር ገና ያልተፈታ ዕቃ አውጥቶ ሰልመር ፊት አኖረው።

«አዲስ ሪሌ ነው» አለ። «ውሰደውና ዛሬውኑ ቀይረው። ብቻህን በሰላም ታጠምዳለህ፣ ከዚህ ወሬኛም ትገላገላለህ።»

ሳቅን። ኦርሊን ዞሮ የመንጠቆዎቹን ሰሌዳ ያይ ጀመር፤ ጆሮው ቀልቷል። ሰልመር ሪሌውን በደህና እጁ አንስቶ አገላብጦ አየው፣ ከዚያም ወደ ዱዌን መልሶ ገፋው።

«ተወው» አለ። «ከተሠራ እሱ አይመጣም።»