አንድ ጣት የጎደለው ዕድሜ

ወላጅ የሚባለው ፍጡር ችኩል ሆኖ ነው የተፈጠረው። ሴት ልጁ በጀርባዋ ተንጋላ ጣሪያ ጣሪያውን ስታይ «መቼ ይሆን የምትገለበጠው?» ይላል። ስትገለበጥ መቀመጧን ይናፍቃል፤ ስትቀመጥ ዳዴ ማለቷን፣ ዳዴ ስትል ቆማ መሄዷን ይመኛል። በእግሯ ሄዳ የጎረቤት ማሰሮ ስትሰብር ግን «ኧረ ይቺን ልጅ ያዙልኝ!» እያለ ሰፈሩን ያውካል። አፏን እስክትፈታ «አባባ በዪ፣ እስቲ አባባ በዪ» ሲል ከርሞ፣ አፏን በፈታች በወሩ እንግዳ ፊት በጥቅሻ ዝም ሊያሰኛት ይታገላል። እናንተ እንዲህ እንዳልሆናችሁ ዐውቃለሁ። የማወራው ስለ ጎረቤቶቻችሁ ነው።

እኔ ደግሞ ከጎረቤቶቻችሁ አንዱ ነኝ። ባቡሩ ገና ደግ በነበረበት በዚያ ዘመን አቃቂ ጣቢያ ትኬት ቆራጭ ነበርኩ። ሥራዬ በቀዳዳ መስኮት በኩል ሰውን «ቶሎ በል፣ ቶሎ በዪ» ማለት ስለሆነ፣ ችኮላ ከደንብ ልብሱ ጋር አብሮ የተሰጠኝ ነገር ነው። የምንኖረው ከሃዲዱ ብዙም በማይርቅ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ሲሆን፣ ቤተሰባችንም እኔ፣ ባለቤቴ ዘነበችና አንዲቱ ልጃችን ብርቄ ነን። ብርቄ ስሟን ያገኘችው በከንቱ አይደለም። ስንት ዓመት ተለምና የመጣች ልጅ ናት።

ብርቄን ትምህርት ቤት ለማስገባት የቸኮልኩት ግን በትኬት ቆራጭነቴ ብቻ አልነበረም። እኔ ራሴ አንደኛ ክፍል የገባሁት ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ ካለኝ በኋላ ነው። የክፍሉ ልጆች «አባባ» ይሉኝ ነበር። መምህራችን ከጥቁር ሰሌዳው ላይ እጃቸው የማይደርስበትን የሚያስጠፉት በእኔ ነበር፤ አንድ ጊዜም የአንዱን ልጅ ጥፋት ሊነግሩ ወላጅ ቢጠሩ፣ ወላጁ ሲመጣ መምህሩ እኔ መስዬው እጅ ነሥቶኛል። ይህ ቀልድ ይመስላል። ያኔ ግን አልሣቅኩም። ስለዚህ ልጄን በጊዜዋ፣ ከተቻለም ከጊዜዋ ቀደም አድርጌ አስገባታለሁ ብዬ ለራሴ ምያለሁ።

ጊዜዋ መቼ ነው? ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የልደት ወረቀት የሚባል ነገር በእኛ ሰፈር አይታወቅም። እኔ ብርቄ የተወለደችው ወንዙ ሞልቶ ባቡሩ ድልድዩን ሳይሻገር የዋለ ዕለት ነው ባይ ነኝ፤ በእኔ ስሌት ሰባት ዓመቷ ነው። ዘነበች ደግሞ የኅዳር ሚካኤል ማግሥት፣ እኅቷ ባገባች በዓመቱ ነው ትላለች፤ በእሷ ስሌት ገና ስድስት ሊሞላት ነው። ኅዳር ላይ ደግሞ ምን ጎርፍ አለ ብላ ጠየቀችኝ። እንደዚያ ዓይነት ዝናብ እንደማይረሳኝ ስነግራት፣ «ምጥ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ» አለች። በወሩ ተሸነፍኩ። በዓመቱ ግን እጄን አልሰጠሁም።

ደግነቱ ትምህርት ቤቱ የእኔንም ሆነ የእሷን ስሌት አይጠይቅም። ልጅ ለመመዝገብ ሲመጣ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ ግራ ጆሮውን እንዲነካ ያዙታል። ከነካ ደርሷል፤ ካልነካ ለከርሞ ይምጣ። ይኸው ነው። የአገሩ ሊቃውንት ሁሉ እያሉ ዕድሜን የሚያህል ነገር በጆሮ እንዲለካ ማን እንደ ወሰነ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ያኔ ግን ለመከራከር ጊዜ አልነበረኝም። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ብርቄን አቁሜ ለካኋት። አንድ ጣት ጎደላት።

አንድ ጣት ምን አላት ብላችሁ እንደሆነ ሞክሯት። በማግሥቱ ሥልጠና ጀመርን። ጠዋት ጠዋት የበሩን መቃን ይዛ እንድትንጠለጠል አደረግኩ። ከሥራ ስመለስ እጇን ቀስ አድርጌ እስባለሁ፤ ቀጥሎ ደግሞ አንገቷን ወደ ጎን ዘንበል ማድረግን አለማመድኳት። ብርቄ ጨዋታ መስሏት በጣም ወደደችው። የሰፈሩን ልጆች ሁሉ አስተማረቻቸው፤ ከእሷ በስተቀር ሁሉም ነኩ። ጎረቤቴ አቶ ደበበ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛ፣ የእሱ ልጅ ሙሉ ከብርቄ በኋላ ተወልዳ ሳለ ጆሮዋን አልፋ አንገቷን እንደምትነካ በየቀኑ ይነግረኝ ጀመር። የሙሉ እጅ እንደ አባቷ ረጅም ነው። ይህን ግን ለእሱ አልነገርኩትም።

ዘነበች ይህን ሁሉ እያየች ዝም ትል ነበር። ዝምታዋን ስምምነት አድርጌ ወሰድኩት፤ ባሎች እንደዚህ ነን።

እንቁጣጣሽ ደረሰ። ዘነበች ግማሽ ቀን ተቀምጣ የብርቄን ጠጉር ቀጭን ሹሩባ ሠራችላት። አበባ ይዛ ስትዞር የሰፈሩ ሴት ሁሉ እያቆመ አያት። እኔም አየሁ፤ ያየሁት ግን ሌላ ነገር ነው። ለካ ያቺ ልጅ ጆሮዋን ያልነካችው እጇ አጥሮ ሳይሆን፣ መንገዱ ላይ ይህን የሚያህል የጠጉር ክምር ተደንቅሮ ነው። ክምሩ ቢነሣ መንገዱ ያጥራል። ይህን ሳስብ የተሰማኝን ኩራት አልደብቃችሁም።

የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ሲቀርብ፣ በዋዜማው ዘነበች አክስቷን ልትጠይቅ ሳሪስ ሄደች። ብርቄን ይዤ በሰቃ ሰፈር ወዳለው ጠጉር ቆራጭ ገሠገሥኩ። ሰውየው ቶንዶሱን እንደ ያዘ ሹሩባውን አይቶ፣ ሐዘን ደርሶባችኋል እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። ትምህርት ቤት ልትገባ ነው አልኩት። ሁለቱ እንዴት እንደሚገናኙ ሊገባው አልቻለም፤ ላጫት ግን። ብርቄ አላለቀሰችም። የወደቀውን ሹሩባ አንድ በአንድ ለቅማ በመሐረቤ ቋጠረችው። ቤት ገብተን ስለካት ጥፍር ታህል ብቻ ቀርታታለች።

ዘነበች ስትመለስ ብርቄ መሐረቡን ሰጠቻትና «ያዢልኝ» አለቻት። ዘነበች ፈትታ አየችው። ከዚያ በተላጨው ራስ ላይ መዳፏን እያመላለሰች ብዙ ቆየች። ትጮኻለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር።

«አንድ ዓመት ነበረች ከእኔ ጋር የቀረቻት» አለችኝ በመጨረሻ። «እሷንም ላጨህብኝ።»

ቀኑን ሙሉ እኔ ጣቢያ ስውል እነሱ ሁለቱ እንዴት እንደሚውሉ አስቤው አላውቅም ነበር። ዘነበች ቤት ውስጥ ከብርቄ ጋር እንጂ ብቻዋን ውላ እንደማታውቅ፣ ማድጋውን ስታጥብም፣ ሽሮውን ስታማስልም የምታወራው ከእሷ ጋር እንደሆነ ያኔ ገባኝ። የገባኝ ግን ከተላጨ በኋላ ነው።

በማግሥቱ ፈረቃዬን ከባልደረባዬ ጋር ተለዋውጬ ብርቄን ወደ ትምህርት ቤቱ ወሰድኳት። ዘነበች ስንወጣ አልሸኘችንም። ግቢው ውስጥ ከባሕር ዛፍ ሥር አንድ መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ መምህር ትልቅ መዝገብ ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ ወላጁ ተሰልፏል፤ ልጆቹ ሁሉ ጆሯቸውን ይዘው ይለማመዳሉ። ግቢው የጆሮ ሕመም የገባበት ይመስላል። ተራችን ሲደርስ ብርቄ እጇን ልታነሣ ስትል መምህሩ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ።

«ጌታው፣ ይቺ ልጅ ቆረቆር አለባት እንዴ?» አሉኝ።

የለባትም አልኩ። ታዲያ ሴት ልጅ በእንቁጣጣሽ ሰሞን ስለ ምን ተላጨች ብለው ጠየቁ። የኮቴን ቁልፍ ስቆልፍ መምህሩ ወደሚቀጥለው ወላጅ ተመለከቱ። ከጤና ጣቢያ ወረቀት ካላመጣሁ ከሌሎቹ ልጆች ጋር ሊቀላቅሏት እንደማይችሉ፣ ምዝገባውም ስድስት ሰዓት ላይ እንደሚዘጋ በትሕትና ነገሩኝ። ሰዓቴን ሳይ አምስት አልፏል። በገዛ ብልሃቴ የልጄን ዓመት በላሁባት ማለት ነው።

ብርቄን ትከሻዬ ላይ ሰቅዬ ሮጥኩ። ከላይ ሆና የምታየውን ሁሉ ትነግረኛለች፤ እኔ አልሰማም። በልቤ ዘነበች እውነቷን ነበር እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ያ ዴስክ፣ ያ ጉልበቴ ይመጣብኛል።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ያለው ድሬሰር በባቡር ስለሚመላለስ ያውቀኛል። ራሷን በጣቱ ዳሰስ ዳሰስ አድርጎ፣ እንደ እንቁላል ንጹሕ ነው አለ። ታዲያ ለምን ላጫችኋት ሲለኝ ሰዓቴን አየሁ። ብርቄ ግን የሚደበቅ ነገር አላየችበትም።

«ጆሮዬን እንድነካ ነው» አለችው። «ጠጉሬ መንገድ ዘግቶ ነው።»

ድሬሰሩ ብዕሩን አስቀምጦ ትክ ብሎ አየኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ሰው እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ሣቁን ለመዋጥ ሲል አፏን ክፈቺ አላትና ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። ከታች ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው አንደኛው ብቅ ብሏል። እኔ እጅና ጆሮ ስለካ ከርሜ አፏ ውስጥ ያለውን አላየሁም። ድሬሰሩ፣ ጥርሷን የነቀለች ልጅ ለትምህርት ደርሳለች ብሎ ወረቀቱ ላይ ሁለቱንም ጻፈልኝ፤ ቆረቆር እንደሌለባትም፣ እንደ ደረሰችም። ስወጣ ከኋላዬ ሲሥቅ ሰማሁት። ደግ ሰው ነው፤ በሩ እስኪዘጋ ጠብቋል።

ስንደርስ ሰልፉ አልቆ መምህሩ መዝገባቸውን ሊያጥፉ ነበር። ወረቀቱን አነበቡ፤ መነጽራቸውን አስተካክለው ስሟን ጻፉ፤ አለቀ። ጆሮሽን ንኪ ያላት የለም። ብርቄ ግን ወር ሙሉ የተለማመደችውን ትታ የምትሄድ ልጅ አይደለችም። እጇን በአናቷ ላይ አሻግራ ዘረጋች። ፈጥኜ በእሷና በመምህሩ መካከል ገባሁና ኮቴን ገለጥ አድርጌ ሸፈንኳት። ከኮቴ ሥር ድምፅ ወጣ።

«አባባ፣ አልደረሰም እኮ!»

መምህሩ ከመዝገቡ ላይ ቀና ሳይሉ «ይደርሳል ልጄ» አሉና ቀለሙን በመምጠጫው ተጭነው አደረቁት።

ትምህርት የተጀመረ ዕለት ዘነበች ለብርቄ ነጭ ሻሽ አሰረችላት። ለእኔ አሁንም ከ«ምሳህ ቀርቧል» ያለፈ ቃል የላትም። ብርቄን እስከ በሩ አደረስኳት፤ ታለቅሳለች ብዬ ያዘጋጀሁት ማባበያ ነበረኝ። ዞር ብላም አላየችኝ። ከልጆቹ ጋር ተቀላቅላ ሻሿ ብቻ ሲታየኝ ቆየ፤ ከዚያ እሱም ጠፋ። ማባበያዬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ዘነበች ያለችኝ ዓመት ለካ ከእኔም ላይ ተላጭቷል።

ለምሳ ቤት ስገባ ብርቄ ተመልሳ ደብተሯን አልጋው ላይ ወርውራለች። ትምህርቱን እንደ ጨረሰች ለእናቷ እያስረዳቻት ነው። ነገስ አትሄጂም ወይ አልኳት።

«ነገ አንተ ሂድ» አለችኝ። «የፈለግኸው አንተ ነህ።»

ዘነበች ሣቀች። ከሹሩባው ወዲህ የመጀመሪያ ሣቋ ነበር፤ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ የምድጃውን ጠርዝ ተደግፋ ሣቀች። እኔም አብሬ ለመሣቅ ድፍረቱን አገኘሁ። ሣቋ ሲበርድላት፣ ለመሆኑ ምን ተማርሽ ብላ ጠየቀቻት። ብርቄ ከምድጃው ከሰል አንሥታ ግድግዳው ላይ አንዲት ሀ ጻፈችና «ይቺ ሀ ትባላለች» አለች።

ፊደል የምትባል ነገር ለዘነበች ማንም አሳይቷት አያውቅም። ባሏ ቀኑን ሙሉ ወረቀት ሲቆርጥ የሚውለው እንኳ አላሳያትም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አስጠግታ ፊደሏን ብዙ ተመለከተቻት። ከዚያም «ሌላዋስ?» አለች።

ሌላዋን ነገ ነው ያሉን፣ አለች ብርቄ።

በማግሥቱ ገና እኔ ሸሚዜን ሳልቆልፍ ዘነበች ብርቄን አጥባ፣ አልብሳ፣ በሩ ላይ አቁማታለች። ረፈደባት እኮ፣ ምን ታደርጋለህ ትለኛለች። ብርቄ አልሄድም ብላ መቃኑን ብትይዝም ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቅቃ ይዛት የወጣችው እሷው ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷን በጠዋት የሚያስነሣት፣ በቀትር በር ላይ ቆሞ የሚጠብቃት፣ እህል ሳትቀምስ «ዛሬስ ምን አላችሁ?» የሚላት የማን ጥድፊያ እንደሆነ ልትገምቱ ትችላላችሁ። ግድግዳችን ከታች ወደ ላይ በከሰል እየጠቆረ ሄደ።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ብርቄ ወደ ሁለተኛ ክፍል አለፈች። በዚያው ሰሞን አንድ ቀን ከጣቢያ ስመለስ ቤቱ ባዶ ነው። መሶቡ ላይ ከብርቄ ደብተር የተቀደደ ወረቀት ተቀምጧል፤ ፊደሎቹ እንደ ሰከረ ሰው ወዲያና ወዲህ ያዘነብላሉ። «ሳሪስ ሄደናን ምሳህ መሶብ ውስት ነው» ይላል።

በትዳር ዘመናችን ከባለቤቴ የደረሰኝ የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው። ሁለት ስሕተት አገኘሁበት። ብዕሬን ከኪሴ አወጣሁ፤ የትኬት ቆራጭ ዐይን ስሕተት አይቶ ማለፍ አያውቅም። ከዚያ ብዕሩን መልሼ ከተትኩና ቁጭ ብዬ ምሳዬን በላሁ።