የእመ ጫጩት አዋጅ

ዶሮ የምታስታቅፍ ሴት የሌለችበት ሰፈር የለም። ዶሮ ያለውማ ሰው ብዙ ነው፤ እኔ የምለው ዶሮዋ እንቁላል ላይ በተቀመጠች ቁጥር ጎረቤቱን ሁሉ ኮቴውን አጥፍቶ እንዲሄድ የምታደርገዋን ነው። በእኛ ግቢ ይህን ሥልጣን የያዘችው አክስቴ ነበረች። ከኋላዋ «ክብርት እመ ጫጩት» ይሏታል፤ ከፊቷ እትዬ ነች።

ክብርት እመ ጫጩት እንቁላል ስትመርጥ ያየ ሰው ዳኛ የምትሾም ይመስለዋል። አንዱን አንስታ ወደ ብርሃን ታዞራለች፣ ጆሮዋ አጠገብ ትነቀንቃለች፣ «ይሄ ለመጠበስ ነው የተፈጠረው» ብላ ታሰናብተዋለች። ያለፈውን በከሰል ምልክት አድርጋበት፣ ጭድ በተነጠፈበት አሮጌ ሳፋ ውስጥ ትደረድረዋለች። ከዚያ አዋጁ ይወጣል፦ «ዶሮዬ ታቅፋለች። ድምፅ እንዳልሰማ።»

ድምፅ፣ በእሷ እምነት፣ ጫጩትን ቅርፊቱ ውስጥ ያስቀረዋል። ስለዚህ በር አይጠረቀምም፤ ሬዲዮ ይቀነሳል። አንድ ጊዜ ጎረቤታችን ሾፌሩ ክላክስ ቢነፋ፣ መስኮቱ ድረስ ሄዳ «ለመሆኑ አንተን እናትህ በክላክስ ነው የወለደችህ?» አለችው። ከዚያ ወዲህ መኪናውን እየገፋ ነበር የሚያስገባው።

የሚታዘዟት ያለ ምክንያት አይደለም። ጫጩቶቹ ሲያድጉ ለየቤቱ አንዳንድ ትሰጣለች፤ ደግሞም ከሽፎባት አያውቅም። «እኔ ያስታቀፍኩት እንቁላል ግም ሆኖ አያውቅም» ትል ነበር። እውነቷን ነው።

የሚያጉረመርምባት አናጢው ብቻ ነበር። የሚሠራው ከክፍላችን ግድግዳ ማዶ ስለሆነ የኤሌክትሪክ መጋዙ ሲነሳ ብርጭቆዎቻችን ይንጫጫሉ። ዩኒቨርሲቲ ለሚያስገባው ፈተና ስዘጋጅ፣ «ጋሼ፣ ላጥናበት ትንሽ ቢቀንሱልኝ» ብዬ ለምኜው ነበር።

«አንቺ እንድታነቢ እኔ ሥራ ልፍታ? ጆሮሽ ላይ ጥጥ ሰክተሽ አንብቢ» አለኝ።

ከግቢያችን ያንን ፈተና ያለፈ ልጅ አልነበረም፤ ታልፋለች ብሎ የጠበቀኝም የለም። ጥጡን ሰካሁ። ያንኑ ገጽ ደጋግሜ አነባለሁ፤ መጋዙ የያዝኩትን ሁሉ ይቆርጠዋል። እንደምወድቅ እርግጠኛ ስሆን ለአክስቴ ነገርኳት። በማግስቱ አዋጁ ወጣ፤ ዶሮዋ ታቅፋለች።

አናጢው እየተነጫነጨ መጋዙን ነቀለና እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ሲያሽ ይውል ጀመር። እኔ አነበብኩ። ጫጩት የሚወጣበት ሦስት ሳምንት አለፈ። አራተኛውም አለፈ።

«እትዬ፣ ይቺ ዶሮ ምን ልትፈለፍል ነው? ሰጎን?» አለ አናጢው።

«አትቸኩልም። ጨዋ ናት።»

«ሥራዬ ተከመረ እኮ።»

«ለአንተ ቄቧን አስቤልሃለሁ። ዝም በል።»

አንድ ቀን ዶሮዋ ውሃ ልትጠጣ ስትወጣ፣ እንቁላሉ እንዳይበርደው ጨርቅ ላለብሰው ጎንበስ አልኩ። ሳፋው ውስጥ ያለው ድንች ነበር። ክብ ክቡ ተመርጦ፣ ታጥቦ፣ በከሰል ምልክት የተደረገበት ድንች።

«የታቀፈችው ድንች ነው» አልኳት አክስቴን።

«አንቺ ምን አገባሽ? ወደ መጽሐፍሽ።»

ፈተናውን የጨረስኩ ዕለት ሳፋው ታጥቦ ተደፍቶ አገኘሁት። ድንቹ የት እንደገባ አልጠየቅኩም፤ እራት ግን ድንች ነበር።

በማግስቱ ግቢው ጫጩቱን ጠየቀ። አክስቴ በዕድሜዋ ብላው የማታውቀውን ቃል አወጣች።

«ከሸፈብኝ።»

«ሁሉም?» አለ አናጢው።

«ሁሉም። ግም ሆነ።»

ሾፌሩ፣ «እመ ጫጩት፣ እርጅና መጣ መሰለኝ» አለና ሰው ሁሉ ሳቀ። እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት እግሬን ረገጠችኝ። እሷ ግን አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ሳቁ እስኪያልቅ ቆማ ሰማችው።

ከዚያ በኋላ አዋጇን እንደ ድሮው የሚያከብር አልተገኘም። በሚቀጥለው ጊዜ ጫጩቶቹ አንድ ሳይቀር ወጡ፤ ለአናጢው ሁለት ሰጠችው፤ ሾፌሩ ግን ክላክሱን መንፋቱን አልተወም።

የፈተናው ውጤት የመጣ ቀን ግቢው በራችን ላይ ተሰበሰበ። አናጢው መጋዙን አጥፍቶ መጣና፣ «ከግቢያችን ማንም ያላለፈውን እንዴት አለፈች?» ብሎ ጠየቃት።

አክስቴ እኔን አየችኝ፤ ቀጥላ እሱን።

«ጎበዝ ስለሆነች ነዋ» አለችው።